የምግብ ዝግጅት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከኤሚል ዤርቦ የተማርነው

ክበባችን ዘንድሮ ያጠናው የቡዳፔስቱን ስመ ጥር ጣፋጭና ቸኮሌት ሠሪ የኤሚል ዤርቦን ሥራ ሲሆን፣ «የባዕድ አገር ኬክ ጋጋሪ ለተማሪ ምን ይፈይዳል?» ላሉ ባልደረቦቼ ምላሼን እነሆ። በ1854 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ የተወለደው ዤርቦ፣ በ1884 የቡዳፔስቱ ኬክ ቤት ባለቤት የሄንሪክ ኩግለር ሸሪክ ሆኖ ሃንጋሪ ከገባ በኋላ ኬክ ቤቱን አስፋፋ፣ የቸኮሌት ፋብሪካም አቋቋመ። እሱ በ1919 ሲያርፍ ሚስቱ ኤስቴር ሥራውን ቀጠለች። ቤቱ በ1948 በመንግሥት ተወርሶ ስሙም ቢለወጥ፣ የቀድሞ ስሙ በ1984 እስኪመለስለት ድረስ የሃንጋሪ እናቶች በስሱ የተዳመጠ የእርሾ ሊጥ፣ የተፈጨ ዋልነትና የአፕሪኮት ማርማላታ ደራርበው፣ ቸኮሌት አልብሰው ለገና የሚያቀርቡትን ኬክ «ዤርቦ» ማለታቸውን አልተዉም። ከቤት ቤት የተላለፈ ሙያ ሰሌዳ ቢነሣም እንደማይጠፋ ተማሪዎቼ የተረዱት ከዚህ ታሪክ ነው።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን እንደወትሮው ተካሂደዋል።

በሚያዝያ ወር የጎበኘነው የከተማችን ኬክ ቤት ግን ከልቤ አይጠፋም። ባለሙያው ጥቁር ቸኮሌት በእንፋሎት አቅልጠው እስከ 28 ዲግሪ ገደማ ካቀዘቀዙት በኋላ ወደ 31 መልሰው ማሞቅ ጀመሩ፤ ይህ ካልተደረገ ቸኮሌቱ ሲረጋ ይነጣል፣ ሲሰበርም ቀጭ አይልም። ጠብታ በታችኛው ከንፈራቸው እያስነኩ ሙቀቱን ሲለኩ ያየች፣ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን፣ «ጋሼ፣ እኔም ልሞክር?» አለች። በንጹሕ ማንኪያ ጠብታውን ከንፈሯ ላይ አስነክታ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና «ትንሽ ይቀረዋል» አለች። ቴርሞሜትሩ ሲገባ 29 አለ። ባለሙያው «ልጄ፣ እኔ ይህን ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል» ብለው ጭልፋውን ሰጧት፤ የቀሩትን ኬኮችም ቸኮሌት ያለበሰቻቸው እሷ ናት።

ለወላጆች ቀን የጋገርነው ዤርቦ መብራት ስለጠፋ መሐሉ ጥሬ ቀርቷል፤ በዋልነት ፋንታ ኦቾሎኒ ያደረግንበት ሁለተኛው ግን ሳይተርፍ ተበልቷል። የእግር ኳስ ቡድኑ ማሊያ በየዓመቱ ሲታደስ እኛ ዛሬም የምንጋግረው ከአንድ ወላጅ በተዋስነው ኦቨን መሆኑን የወላጅ መምህር ኅብረቱ እንዲያጤነው በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማመልከቻችን ገብቷል። ኦቨኑ ቢዘገይ እንኳ ቴርሞሜትሩና ሚዛኑ እስከ መስከረም ከተገዙልን የቸኮሌት ሥራውን በጥቅምት እንጀምራለን፤ ቡድኑን የምትመራውም ያችው ተማሪ ናት።