ስትደውሉልን መጀመሪያ «የውሃውን መዝጊያ ዘጋችሁ ወይ?» የምንላችሁ ለምንድን ነው?

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኛ የቧንቧ ጥገና ባለሙያዎቻችሁ ክረምቱ ሳይገባ ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ አንድ ቅሬታ ደጋግሞ ስለደረሰን ነው። «ቤታችን በውሃ ተጥለቅልቆ ስንደውል፣ ቶሎ ከመምጣት ይልቅ ጥያቄ ታበዛላችሁ» ብላችሁናል። ቅሬታችሁ ይገባናል፤ ጥያቄውን ግን አንተውም።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ነው። ደሴ ከተማ ውስጥ ሆነን እንኳ ሌሊት በዝናብ ዕቃ ይዞ መድረስ ጊዜ ይወስዳል። ፍራሹ የሚርሰው፣ የታችኛው ፎቅ ኮርኒስ የሚወርደው በዚያ መሃል ነው። ያን ውሃ ማቆም የሚችል ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩን ይዘን «መዝጊያው የት ነው? ዘጋችሁት?» የምንለው መኪናው እስኪነሳ ጊዜ ለመግደል አይደለም፤ ከጥገናው ግማሹ እሱ ስለሆነ ነው።

ዋናው መዝጊያ ብዙውን ጊዜ ከቆጣሪው አጠገብ ይገኛል። ሮቶ ያላችሁ ከሮቶው ግርጌ ሁለተኛ መዝጊያ አላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይኼኛውን ነው። የመንገዱ መስመር ተዘግቶ ሮቶው 2,000 ሊትሩን ሳሎን ውስጥ ሲያራግፍ አይተናል። ሁለቱንም ዛሬውኑ ፈልጓቸው፣ ቀለም ቀቧቸው፣ ለልጆችም ለቤት ሠራተኛዋም አሳዩ። ከዚያ በየሁለት ሦስት ወሩ እስከ መጨረሻ ዝጉና መልሳችሁ ክፈቱ። ለዓመታት ሳይነካ የኖረ ጌት ቫልቭ (እጀታው እየዞረ የሚዘጋው መዝጊያ) ውስጡ ይዝጋል። አንድ ደንበኛችን በጭንቅ ሰዓት ሲያጠብቁት እጀታው ተገንጥሎ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ውሃው እንደሆነ መፍሰሱን አላቆመም። መዝጊያው ጠንክሮ አልዞር ካለ በቧንቧ መፍቻ አትታገሉት፣ በደህናው ቀን ጥሩን። መዝጊያ መቀየር ከአንድ ፍራሽ ዋጋ ያነሰ ሥራ ነው።

ቧንቧው ራሱ ከፈነዳ ዘግታችሁ ስታበቁ ዝቅ ያለውን የግቢ ቧንቧ ክፈቱ፤ መስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ በዚያ ይወጣል። ስንጥቁን በብስክሌት ካላማዳሪያ ቁራጭ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና በሽቦ እሰሩት። ውሃው ወደ ሶኬት ከተጠጋ ግን ከሁሉ በፊት ብሬከሩን አጥፉ፤ ብሬከሩ ያለበት ቦታ ራሱ ውሃ ከሆነ አትጠጉ፣ ከቤት ውጡ።

ሌሊት ከሚጠሩን ቤቶች የብዙዎቹ ችግር የመጣው ከውሃ ፈረቃው ነው። ቀን ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ተከፍቶ፣ «የለም» ተብሎ፣ ሳይዘጋ ይቀራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ውሃ ሲለቀቅ ሁሉም ተኝቷል፤ ላቫንዲኖው ውስጥ የተቀመጠ ሳህን ደግሞ መውረጃውን ደፍኖታል። ውሃ ጠፍቶ የከፈታችሁትን ቧንቧ እዚያው ቆማችሁ ዝጉ። ውሃ ሲመጣም መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ በቀስታ ከፍታችሁ አየሩና ድፍርሱ ይውጣ፣ ከዚያ ወደ ሮቶ ልቀቁ። ቧንቧው ውስጥ የምትሰሙት መንኳኳት የዚያ አየር ነው፤ አየሩ ቆጣሪም ያዞራል።

ስለ ግፊት ብዙ ስለምትጠይቁን እናስረዳ። የ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ግፊት ነው። በጦሳ ተራራ ግርጌ እንደተሠራች እንደ ደሴ ባለች ዳገታማ ከተማ፣ ከአንድ መስመር የሚጠጡ ሁለት ቤቶች የ40 ሜትር ልዩነት ካላቸው የታችኛው 4 ባር ተጨማሪ ይሸከማል። ታች ያላችሁ ከመታጠቢያና ከሽንት ቤት ስር ያለውን ተጣጣፊ ቱቦ እዩት፤ የሽቦ ልባሱ ከዛገ ሳይፈነዳ ይቀየር። በሌላ በኩል፣ ከሻወሩ 4 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ ግማሽ ባር እንኳ አይሰጥም። ሻወሩ የደከመው በዚህ ከሆነ ግድግዳ ማፍረስና ሴራሚክ መንቀል ምንም አይፈይድም፤ «መስመሩ ተደፍኗል» የሚላችሁን ሰው ከማመናችሁ በፊት አማክሩን።

ቦይለር ያላችሁ ውሃ ሲጠፋ ብሬከሩን አጥፉ፣ ባዶውን ከሠራ ማሞቂያው ይቃጠላል። ሲሞቅ ከሴፍቲ ቫልቩ (ትርፍ ግፊት ከሚያስወጣው) ጠብ የምትለው ውሃ ጤነኛ ናት። እንጨት ወይም ጎማ ሰክቶ መድፈን ግን ቦይለሩን ሊያፈነዳው ይችላል፤ እባካችሁ እንዳታደርጉት።

የወጥ ቤት ፍሳሽ የሚዘጋው በአብዛኛው በሊጥ እጣቢ፣ በቡና አተላና በቅቤ ነው። በደሴ ብርድ ቅቤው ቧንቧው ውስጥ ይረጋል፣ አተላውም እላዩ ላይ ይጣበቃል። ቡሃቃውን ጠርጋችሁ እጠቡ፣ አተላውን ለጓሮ አድርጉት። ከተዘጋም በበረኪናና በአሲድ ድብልቅ ለመክፈት አትሞክሩ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የጣሪያ አሸንዳ ከሽንት ቤት መስመር ጋር ያገናኛችሁ ከሐምሌ በፊት አስለዩት፣ ዶፉ ቆሻሻውን ወደ ቤት ይመልሰዋል። የሞላ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ማንም ሰው እንዳይገባ። እኛም አንገባም፤ ውስጡ ያለው ጋዝ በትንፋሽ ይገድላል፣ ሊያወጣ የገባውንም ጭምር።

ሂሳብ በዝቶባችሁ ከጠረጠራችሁ ቧንቧዎቹን ሁሉ፣ የሮቶውንም መግቢያ ዘግታችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ። እላዩ ላይ ያለችው ትንሿ መዘውር ከዞረች ከቆጣሪው ወዲህ የሚያፈስ ቦታ አለ። ሽንት ቤቱ ማፍሰሱን ለማወቅ የቀዘቀዘ ቡና በውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሩና ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው አልቋል። በሰከንድ አንዴ ጠብ የምትል ቧንቧ በቀን ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ትሞላለች።

ስትደውሉ ሰፈራችሁን፣ ውሃው ከየት እንደሚፈስና መዝጊያው መዘጋቱን ንገሩን፤ ከተቻለ ፎቶ በቴሌግራም ላኩ፣ ትክክለኛውን መጠን ይዘን እንመጣለን። ሂሳቡን ሥራ ሳንጀምር እንነግራችኋለን፤ የቀየርነውን አሮጌ ዕቃም ለእናንተው እናስረክባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቧንቧ ጥገና ባለሙያዎቻችሁ
ደሴ