ይድረስ ለአባቴ፣ ደሴ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የእርስዎና የቤተሰቡ ጤንነት እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በስልክ ስለ ደም ግፊትዎ ባነሣሁ ቁጥር ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ ገበያው ስለሚያዞሩብኝ ነው፤ ደብዳቤን ግን አቋርጦ ሌላ ወሬ ማምጣት አይቻልም።

እህቴ እንደ ነገረችኝ የግፊት ክኒንዎን አምሎዲፒኑን የተዉት ቁርጭምጭሚትዎ ስላበጠና ጎረቤት «ኩላሊትዎን እየጎዳው ነው» ስላለዎት ነው። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ እግር እንደሚያሳብጥ የታወቀ ነው፤ ይህም የሚሆነው የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋና ፈሳሽ ወደ ታች ስለሚወርድ እንጂ ኩላሊት ስለሚጎዳ አይደለም። ሆኖም እብጠት ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት፤ መጠኑን ሊቀንስልዎ ወይም በሌላ ሊቀይርልዎ ይችላል። ኩላሊትን የሚጎዳውስ ሳይታከም የቆየ ግፊት ነው።

ለጉልበትዎ ሕመም ከመድኃኒት ቤት እየገዙ የሚውጡት ዲክሎፍናክ ደግሞ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል፤ ስለ እርሱ ግን ጎረቤታችን ምንም አላሉም።

«ራሴን ካላመመኝ ምን አለብኝ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እዚህ ጅዳ የማስታምማቸው ሴትዮ የግፊታቸው የላይኛው ቁጥር ከ180 ባለፈበት ጠዋት እንኳ ምንም ሳይሰማቸው ቁርሳቸውን እየበሉ ይስቁ ነበር። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ክኒኑ የሚወሰደው ሲያምም ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ነው።

ሲለኩም ዳገቱን እንደ ወጡ ወዲያው ክንድዎን አይስጡ። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና ሳይጠጡ፣ ጀርባዎን ተደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ክንድዎም በልብዎ ትክክል ይሁን። እንዲህ ተለክቶ በተለያዩ ቀናት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ሽሮው፣ በርበሬውና ዳቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ስለዚህ እህቴ ሽሮውን ያለ ጨው ታስፈጭ። የቡናው ጨው መቅረቱ ቅር እንደሚያሰኝዎ አይጠፋኝም፤ ለእኔም ይናፍቀኛል፣ ግን እንተወው።

ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን ስለ ክኒኑ ሰዓት ይጠይቁት፤ በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ወደ ማፍጠሪያ ሊያዛውርልዎ ይችላል። የዚህን ወር ገንዘብ ለእህቴ ልኬያለሁ፤ ከሌላው ወጪ በፊት ለሕክምናው ይዋል። ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ የሚውጡትን ሁሉ፣ ዲክሎፍናኩንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ። የተለካውን የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር እህቴ ትጻፍልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከጅዳ