«95 በመቶ ትክክል ነው» ሲባል ከምን ጋር ተመሳክሮ ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ፈጣን የደም ምርመራዎች በቅርቡ ያወጣችሁትን ዘገባ ደሴ ውስጥ በላብራቶሪ ሙያ እንደሚተዳደር ሰው በጥሞና አነበብኩት። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ሲአርፒ የሚለካው ኪት ወደ ክሊኒኮቻችን መግባቱን አወድሳችኋል፤ «ትክክለኛነቱ 95 በመቶ ነው» የሚለውን የአስመጪውን ቃልም እንዳለ አስቀምጣችኋል። ኪቱን አልቃወምም። ግን ይህ 95 በመቶ የተገኘው ከምን ጋር ተመሳክሮ፣ በማን ደም ላይ ተሞክሮ ነው? ይህ እስካልተነገረን ድረስ ቁጥሩ የነጋዴ ቃል ነው።

ሲአርፒ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ ሰውነት በጀርምም ሆነ በሌላ ምክንያት ሲቆጣ በደም ውስጥ ይጨምራል። በጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በታች ነው፤ በከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጊዜ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ዘገባችሁ ታዲያ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ደባልቋቸዋል። ኪቱ ሲአርፒን በትክክል ይለካል ወይ የሚለው አንድ ነገር ነው። በትክክል የተለካ ሲአርፒ ሕመሙ ከባክቴሪያ መሆኑን ያሳያል ወይ የሚለው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው።

የመጀመሪያውን መመለስ ያን ያህል አይከብድም። የአንዱን ሕመምተኛ ደም ለሁለት ከፍሎ አንዱን በኪቱ፣ ሌላውን በትልቁ የኬሚስትሪ ማሽን መሥራት፣ ከዚያም የሁለቱን ልዩነት በእያንዳንዱ ሰው ላይ ማየት ነው። «የሁለቱ ውጤት በጣም ይቀራረባል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ኮሪሌሽን የሚሉት ስሌት ነው፤ እሱ ብቻውን አይበቃም። ኪቱ ሁልጊዜ እጥፍ አድርጎ ቢያነብ እንኳ ማሽኑ ሲጨምር ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል፤ ስሌቱም ያማረ ይሆናል። ትልቁ ነገር ውሳኔ በሚሰጥባቸው ቁጥሮች አካባቢ ያለው ስሕተት ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት የሳንባ ምች መመሪያ ሐኪሙ በአካል ምርመራ ብቻ መወሰን ሲቸግረው ሲአርፒ ከ20 በታች ከሆነ አንቲባዮቲክ በተለምዶ እንዳይሰጥ፣ ከ100 በላይ ከሆነ እንዲሰጥ፣ በመካከሉ ላለው ደግሞ ማዘዣው ተጽፎለት ሕመሙ ከባሰ ብቻ እንዲጀምር ማሰብን ይመክር ነበር። እዚህ ላይ 17ን 25 ብሎ የሚያነብ ኪት የማያስፈልግ ማዘዣ ሊያስጽፍ ይችላል። 300ን 260 ቢል ግን ማንም አይጎዳም።

ደግሞም በከተማችን «ሲአርፒ ተሠርቶልኛል» የሚለው ሰው ሁሉ በቁጥር የሚለካ መሣሪያ አላገኘም። ብዙ ቦታ የሚሠራው ስላይድ ላይ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለየውን ፈሳሽ) እና ላቴክስ የሚባል መመርመሪያ ፈሳሽ ቀላቅሎ መርጋቱን በዓይን ማየት ነው። ይህ ዘዴ በግምት በሊትር ከ6 ሚሊግራም በላይ ያለውን ሁሉ «ፖዘቲቭ» ይላል፤ ጉንፋን የያዘውና ደሙ በባክቴሪያ የተመረዘው አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ከዚህ የሚያስደነግጠው ደግሞ ሲአርፒው እጅግ ከፍ ሲል፣ ሴረሙ ካልቀጠነ በስተቀር ላይረጋ ይችላል፤ በጣም የታመመው ሰው «ኔጌቲቭ» ተብሎ ይመለሳል። ውጤቱ በ2 ደቂቃ መነበብ ሲገባው ባለሙያው ስልክ ሲያነሳ ከደረቀ ደግሞ የሌለውን ያሳያል። ወረቀቱ ላይ ግን በየትኛው ዘዴ እንደተሠራ አይጻፍም።

የአካባቢያችንም ነገር አለ። ሲአርፒ የሚገኘው በደሙ ፈሳሽ ክፍል ውስጥ ነው። ሙሉ ደም የሚቀበሉ አንዳንድ መሣሪያዎች የቀይ ደም ሴሉን መጠን ራሳቸው ይለካሉ፤ አንዳንዶቹ ግን በግምት ያልፉታል። ግምቱ ላይ ተመሥርቶ ሲሰላ ደም ያነሳት ወላድ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ታገኛለች። የሙቀቱንም ጉዳይ አስቡት። ብዙዎቹ ኪቶች ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጡ ሳጥናቸው ላይ ተጽፏል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ይህ ብዙም አያስጨንቀን ይሆናል፤ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ግን፣ በሰኔ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ መጋዘን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ወባ ሲአርፒን ከፍ ያደርጋል። ሳንባ ነቀርሳም፣ አደጋም፣ ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ። ከሐርቡና ከባቲ ቆላ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው የወባ ምርመራ ሳይሠራለት በሲአርፒ ብቻ «ባክቴሪያ ነው» ቢባል፣ ኪቱ መቶ በመቶ ትክክል ለክቶ ሐኪሙ መቶ በመቶ ሊሳሳት ይችላል። በተቃራኒውም ሲአርፒ መነሳት የሚጀምረው ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ጣሪያው የሚደርሰውም በ2 ቀን አካባቢ ስለሆነ፣ ማታ ትኩሳት ጀምሮት በዚያው ሌሊት የመጣ ሕፃን ዝቅተኛ ቁጥር ቢያገኝ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ቁጥር ካነሳን አይቀር አንድ ስሌት ልጨምር፤ ለምሳሌ ብቻ ያስቀመጥኩት ነው። ከሚያስሉ 100 ሕፃናት 10ሩ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት 90 በመቶውን ቢያገኝ፣ ካልታመሙት ደግሞ 80 በመቶውን በትክክል ነፃ ቢል፣ 9 እውነተኛና 18 ሐሰተኛ «ፖዘቲቭ» ይወጣል። ከ27ቱ 18ቱ ሳያስፈልጋቸው አንቲባዮቲክ ወሰዱ ማለት ነው። ለታይፎይድና ለታይፈስ በሚሠሩት የደም ምርመራዎች፣ በዊዳልና በዋይል ፊሊክስ፣ ያየነው ይኸው አይደል? ደሴ ውስጥ ትኩሳት ይዞት «ታይፎይድና ታይፈስ» ያልተባለ አዋቂ ካለ ይጠቆመኝ።

ይህን ስል ጥቅሙን አልክድም። ቬትናም ሃኖይ አካባቢ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ የመተንፈሻ አካል ሕመም ይዟቸው ሲአርፒ ከተሠራላቸው ሰዎች 64 በመቶ፣ ካልተሠራላቸው 78 በመቶ አንቲባዮቲክ ወስደዋል። ቀላል ለውጥ አይደለም። እዚያ ግን ውጤቱ በቁጥር ይወጣ ነበር፤ ሐኪሙም በየትኛው ቁጥር ምን እንደሚያደርግ መመሪያ ነበረው።

እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን። ከተማዋ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አላት፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ባለሙያ ያስተምራል፣ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ቅርንጫፍ አለው። በክሊኒኮቹ ያለውን እያንዳንዱን የኪት ዓይነት በተከፈለ ደም ከማሽን ጋር ማመሳከርና ውጤቱን ይፋ ማድረግ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች እንኳ የሚበቃ ሥራ ነው። እስከዚያው የክሊኒክ ባለቤቶች ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ከነመለኪያው፣ ዘዴውንና የኪቱን ስም ይጻፉ። ሕመምተኛው ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ ቁጥሩ ወረደ ወይስ ወጣ የሚለው ከመጀመሪያው ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራልና፤ ሁለቱ በተለያየ ኪት ከተሠሩ ግን ማነጻጸር አይቻልም።

ዘጋቢያችሁ ወደ ክሊኒኮቹ ከተመለሰ ሁለት ነገር ይጠይቅልን፦ ኪቱ የሚቀመጥበትን ክፍል የሙቀት መዝገብና አስመጪው 95 በመቶ ያለበትን ወረቀት።

ከአክብሮት ጋር
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከደሴ