ተማሪዎች የሚያነቡት የንግድ መጽሐፍ በምን ይመረጥ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለተማሪዎች የንግድና የአመራር መጻሕፍት ይመረጡ ሲባል የሚቀርበው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ የባለጸጎች የሕይወት ታሪክ፣ በቁጥር የተደረደሩ የስኬት ሕጎች፣ አንድ ሁለት የማነቃቂያ መጽሐፍ። ተማሪው መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ ምን መሥራት እንዲችል እንደተፈለገ ግን የትም አልተጻፈም። «ይነቃቃል» መልስ አይሆንም። «የአንድ አነስተኛ ሱቅ መዝገብ አይቶ በሚቀጥለው ወር ጥሬ ገንዘብ ያጥረው አያጥረው እንደሆነ ይናገራል» ግን መልስ ነው። መራጮች እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፉ ፍለጋ ከጀመሩ የሚመርጥላቸው የመጽሐፉ ሽፋን ነው።

ብዙ ጥንቃቄ የሚሹት የስኬት መጻሕፍት ናቸው። ያሸነፉትን ሰብስበው የሚጋሩትን ጠባይ ይዘረዝራሉ፤ የከሰሩትም ያንኑ አድርገው እንደነበር አይጠይቁም። 1,024 ሰዎች እያንዳንዳቸው ሳንቲም 10 ጊዜ ቢወረውሩ፣ በአማካይ አንዱ አስቀድሞ የጠራው ገጽ 10 ጊዜም ይወጣለታል። ይህ ሰው ስለ አወራወር ስልቱ መጽሐፍ ቢጽፍ ዋሸ አይባልም፤ የጻፈውን ሁሉ በእርግጥ አድርጎታል። አንባቢው ግን ከመጽሐፉ ሳንቲም መወርወር አይማርም።

ጠንቅቆ የተሠራ መጽሐፍ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። አሜሪካዊው የአመራር መጻሕፍት ጸሐፊ ጂም ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው «ጉድ ቱ ግሬት» («ከጥሩ ወደ ታላቅ») ከ1,435 ኩባንያዎች ተነሥቶ ወደ ላቀ ውጤት ተሸጋገሩ ያላቸውን 11 መረጠ፤ ያን ያህል ያልተሳካላቸውን አቻዎቻቸውንም ለማነጻጸሪያ አስገባ። ይህ ከብዙዎቹ የተሻለ አሠራር ነው። ሆኖም ከ11ዱ አንዱ የነበረው የኤሌክትሮኒክስ ቸርቻሪ ሰርኪት ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኪሳራ አመልክቶ በተከታዩ ዓመት መደብሮቹን ዘጋ፤ የቤት ብድር ድርጅቱ ፋኒ ሜይም በዚያው በ2008 በአሜሪካ መንግሥት ሞግዚትነት ሥር ገባ። መጽሐፉ ከዝርዝር ይውጣ አንልም፤ እንዲያውም ለማስተማር እጅግ ይመቻል። ከ10 ዓመት በላይ ለሆነው ማንኛውም መሰል መጽሐፍ መምህሩ ሁለት ገጽ አባሪ ያዘጋጅ፤ የተመሰገኑት ድርጅቶች ዛሬ የት እንደደረሱ ይጻፍበት። ከዚያ ተማሪው አንድ ምዕራፍ መርጦ «ድርጅቱ ከስሮ ቢሆን ኖሮ ይኸው ውሳኔ ምን ይባል ነበር?» ለሚለው መልስ ይስጥ። ቆራጥ የተባለው መሪ ግትር ሲሆን፣ ጥንቁቅ የተባለው ዘገምተኛ ሲሆን ተማሪው ራሱ ያየዋል። «ከመጽሐፉ ምን ተማርክ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ የሚያመጣው ምስጋና ብቻ ነው፤ መጽሐፉን ያልከፈተ ልጅም ሊመልሰው ይችላል።

አንድን መጽሐፍ ለመመዘን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መጀመሪያ የቅጂ መብት ገጹ ይታይ፤ በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ዓመት ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ኅትመት እንጂ ጽሑፉ የተዘጋጀበት አይደለም፤ ታድሶ የወጣ እትምና እንደነበረ የታተመ ቅጂም አንድ አይደሉም። ቀጥሎ የመጨረሻው ምዕራፍ ይነበብ። ወደ ደራሲው የሥልጠና ክፍያ የሚጋብዝ ከሆነ የተያዘው ማስታወቂያ ነው። ከዚያ ከመጽሐፉ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ መቶ መቶ ቃል ተወስዶ ለሁለት ሦስት ተማሪዎች ይሰጥ። ከመቶው የማያውቁት ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብቻቸውን ያነቡታል፤ እስከ አምስት ከደረሰ በመምህር እገዛ፤ ከዚያ ካለፈ ለሌላ ዓመት ይቆይ። እዚያው በቦታው የተብራራ የሙያ ቃል አይቆጠርም።

በትርጉም የመጣ መጽሐፍ ተጨማሪ ፈተና አለበት። በእኛ ቋንቋ ሽያጭም ትርፍም በእጅ የገባ ገንዘብም «ገቢ» እየተባሉ ሲተረጎሙ ይታያል፤ ይህ የተማሪውን ሒሳብ ያበላሻል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ቁጥር ያለበት ምሳሌ ፈልጎ በእርሳስ ደግሞ መሥራት። ለምሳሌ ነጋዴ በ5,000 በእጅ በእጅ የገዛውን ዕቃ በ60 ቀን ዱቤ በ7,000 ሸጠው እንበል። ሽያጩ 7,000፣ ትርፉ 2,000 ነው፤ እስከ 60ኛው ቀን ድረስ ግን ከካዝናው 5,000 ጎድሏል፤ ኪራይና ደመወዝ ደግሞ ዱቤ አይጠብቁም። ትርፋማ ሆኖ የሚዘጋ ድርጅት የሚዘጋው በዚህ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ለይቶ የማያሳይ ትርጉም፣ ዋናው መጽሐፍ የቱንም ያህል ቢወደስ፣ ለክፍል አይሆንም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቁጥር ያለው ምሳሌ ካልተገኘ ደግሞ የንግድ መጽሐፍ ከመባል ይልቅ የምክር መጽሐፍ ቢባል ይሻላል።

የአመራር መጻሕፍትን በሚመለከት የምንለው አጭር ነው። ባለታሪኩ ራሱ የጻፈው ግለ ታሪክ ብቻውን አይሰጥ፤ ስለዚያው ሰው ሌላ ሰው ከጻፈው አንድ ምዕራፍ ጋር ይጣመር፤ በሁለቱም የተተረከ አንድ ክስተት ይመረጥና ተማሪው ልዩነቱን ይጻፍ። ከሥራ የተሰናበቱት፣ ተባባሪ መሥራቾቹና አበዳሪዎቹ በአንደኛው ጠፍተው በሌላኛው ይገኛሉ።

ሌላው ስሕተት ብዛት ነው። 240 ገጽ ያለው፣ በየገጹ 250 ቃል የያዘ መጽሐፍ 60,000 ቃል ይሆናል። በደቂቃ 120 ቃል የሚያነብ ተማሪ 500 ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢያነብ ሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ ነው፤ ማስታወሻ መያዝና ውይይት ሲጨመር አምስት ሳምንት። ለአንድ የትምህርት ወቅት ስድስት መጽሐፍ የሚያዝ መምህር ስድስት የተቀዱ ማጠቃለያዎች ይደርሱታል። ሁለት መጽሐፍ ይበቃል፤ ካልሆነም ከአንዱ 80 ገጽ መርጦ ያንኑ በደንብ ማንበብ ይቻላል።

በየቅጂው ውስጥ ባዶ ወረቀት ይለጠፍ፤ ተማሪው ሲመልስ ያቆመበትን ገጽ ቁጥር ብቻ፣ ስም ሳይጽፍ፣ ያስፍርበት። ዝርዝሩ በዓመቱ መጨረሻ ሲከለስ ይኸው ወረቀት ይታይ። ብዙዎች በገጽ 40 አካባቢ ያቆሙበት መጽሐፍ ከዝርዝሩ ከመሰረዙ በፊት ገጽ 40 ይከፈት፤ ብዙ ጊዜ እዚያ የሚገኘው ሳይብራራ የገባ አንድ ሰንጠረዥ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የንግድ ትምህርት መምህራን