ደብዳቤ ለልጄ፦ ሐረና ከመሄድሽ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ሐዋሳ ዝናቡ በርትቷል። እናትሽ ጉልበቷን እያለች ነው፤ ክረምት ሲገባ ታውቂያት የለ።

የአክስትሽ ልጅ ፎቶሽን አሳየኝ። ወንዶ ገነት ጫካ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ትስቂያለሽ። አምሮብሻል። ግን ጂንስሽ እስከ ወገብሽ ርሷል፣ ከፀጉርሽ ውሃ ይንጠባጠባል። እንደዚያ ሆነሽ ምን ያህል ተቀመጥሽ? ደግሞ በነሐሴ ባሌ፣ ሐረና ጫካ ልትሄዱ ነው አሉኝ። ከሰው መስማቴ ቅር ብሎኛል፤ እሱን ስትመጪ እናወራለን።

አትሂጂ አልልሽም። ብልሽም አትሰሚኝም፤ በዚህ በእናትሽ ወጥተሻል። አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ፦ እርጥብ ልብስ ሳትቀይሪ አትቀመጪ።

ወንዶ ገነት ብትበሰብሺም ወርደሽ ፍል ውሃ ትገቢያለሽ። ባሌ ሌላ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጎባ ወደ ሐረና ስትሄዱ የምታቋርጡት የሳነቴ አምባ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አስቢው። በዚያ ላይ ንፋሱ አለ። ወርዳችሁ ጫካው ስትገቡ ደግሞ ዝናቡ ቢያባራም ዛፉ አያባራም። አስታውና ኮሶው የያዙትን ውሃ ሲያንጠባጥቡ ይውላሉ። ሰው ሁሉ ሐረና ሲባል አንበሳውን ይፈራል። አንበሳ አለ፣ እውነት ነው። እኔ የምፈራልሽ ግን የረጠበ ሸሚዝ ነው።

ሳሎን ባለው ፎቶ ከመኪናው አጠገብ የቆመው ቀጭን ልጅ ረዳቴ ነበር። አንድ ክረምት ከሳነቴ ወደ ሪራ መንደር ስንወርድ መኪናውን ጭቃ ያዘው። ልጁ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲወትፍ በሰበሰ። ከዚያ እንደረጠበ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ ተንቀጠቀጠ። ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ተሻለው አልኩ። ለካ ብሶበት ነው። ምላሱ ተሳሰረ። "ሞቀኝ" ብሎ የሸሚዙን ቁልፍ ሊፈታ ይታገላል፣ ጣቱ አልታዘዝ ብሎት ቁልፉ እየደጋገመ ያመልጠዋል። ላየው ሰው የጠጣ ነው የሚመስለው። በዚያ የሚያልፉ አንድ የሪራ ሽማግሌ አይተውት ጮኹብኝ። ተሸክመን ቤታቸው አስገባነው። እርጥቡን አውልቀው በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቀለሉት፣ ነፍሱን ሲያውቅ ትኩስ ወተት ፉት አስባሉት። ተረፈ።

በኋላ እናቱ ለቡና ጠሩኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ። እሱም ሥራውን ለቀቀ፤ ያኔ እንደዛሬው ሞባይል የለ። አንዳንዱ ሻሸመኔ ነው ያለው ይለኛል። እዚያ በሄድኩ ቁጥር ቀጭን ሰው ሳይ ዞር ብዬ አያለሁ። አሁን እኮ እሱም ሸምግሎ፣ ወፍሮ ይሆናል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጂንስ አትልበሺ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። እናትሽ ጋቢ ልላክላት ትላለች፤ ተቀበያት፣ ግን መኪና ውስጥ ይቆይ። ለጫካው የሱፍ ሹራብ ያዢ፤ ሱፍ ቢረጥብም ትንሽ ያሞቃል። ቅያሪ ልብስና ካልሲ ፌስታል ውስጥ ከተሽ አፉን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። በሶና ጭኮ አይለይሽ፤ የራበው ሰው ቶሎ ይበርደዋል። አረቄ ያሞቃል የሚልሽን አትስሚ፤ ላይ ላዩን አሙቆ የውስጥሽን ሙቀት ነው የሚያወጣው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ሳትይዙ ጫካ አትግቡ። ሻይ ልንጠጣ ነው፣ ፎቶ ልንነሳ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው ቢሉሽም እርጥቡን ሳትቀይሪ አትቀመጪ። ይሳቁብሽ። ከመካከላችሁ አንዱ ዝም ካለ ወይ መንተባተብ ከጀመረ ደግሞ ደክሞት ነው ብላችሁ አትለፉት።

ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ፎቶ አንሺልኝ። እኔ ሁሌ ከሩቅ ነው ያየሁት።

በቴሌብር ብር ልኬልሻለሁ። ለጫማና ለዝናብ ልብስ ነው፤ ለጥፍር አይደለም። ፔርሙዙን ወንድምሽ ሰብሮታል፣ አዲስ ግዢ። ከጎባ ሳትወጡ ደውይ፤ ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። ቅያሪውን ከቦርሳሽ ላይኛው ክፍል አድርጊው እንጂ ሥሩ አትቅበሪው፤ ካልሆነ ሰንፈሽ እንደረጠብሽ ትቀመጫለሽ፣ አውቅሻለሁ።

እናትሽን ስለ አንበሳው እንዳትነግሪያት።

አባትሽ