ይድረስ ለእኅቴ፤ ቤይሩት

አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን በሥጋዬ ደህና ነኝ። ትንሣኤን አክብረን፣ ትናንትም ዳግም ትንሣኤ ውሎ፣ ዛሬ ሱቄን ሳልከፍት ተቀምጬ ይህን እጽፍልሻለሁ። ደብዳቤውን ሳትጨርሺ እንዳትቀጂው እለምንሻለሁ፤ ከጨረስሽው በኋላ ግን የፈለግሽውን አድርጊው።

ዝምታዬ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ምን አስቀየምኋት?» እያልሽ ራስሽን መርምረሽ ይሆናል ብዬ ሳስብ ያመኛል። አንቺ ምንም አልበደልሽኝም። የስልክ ቁጥሬን የለወጥሁት ከአንቺ ለመሸሽ ነው፤ የሸሸሁትም በድዬሽ ስለነበር ነው፤ በደሌንም እስከ ዛሬ ስለማታውቂው ሌላውን ሁሉ ከመናገሬ በፊት እርሱን ልንገርሽ።

በሰኔ 2008 ዓ.ም. ለእናትሽ እያልሽ ከደመወዝሽ ቆጥበሽ የላክሽው ገንዘብ በእኔ የባንክ ደብተር 45,000 ብር ደርሶ ነበር። በዚያው ሰሞን ይህን የሐበሻ ልብስ የምሸጥበትን ሱቅ አገኘሁ፤ አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ጠየቀኝ። በሁለት ወር ውስጥ እመልሰዋለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተማክሬ ገንዘብሽን አውጥቼ ሰጠሁት። አንቺን አልጠየቅሁሽም። ብጠይቅሽ እሺ እንደምትዪኝ አውቅ ነበር፤ ለምን እንዳልጠየቅሁሽ አሁንም ለራሴ በቅጡ ማስረዳት አልችልም።

በሐምሌ የእማማ፣ የእናትሽ፣ እግር ቆሰለ፤ ስኳሩም አልወርድ አለ። ሐኪሙ ተኝታ ትታከም፣ ቁስሉም ቶሎ ይጠረግ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ሲጠየቅ፣ በእጄ የነበረው 3,000 ብር አይሞላም። እዚህም እዚያም ለመበደር ስሯሯጥ 11 ቀን አለፈ። በእነዚያ ቀናት መካከል አንቺ ደወልሽ። እማማ አጠገቤ ነበረች፤ «እውነቱን ንገሪያት፤ ድምፅዋንም አሰሚኝ» አለችኝ። እኔ ግን ወደ በረንዳ ወጥቼ «ትንሽ ስኳሯ ከፍ ብሎባት ነው፤ አሁን ተኝታለች፤ ደህና ናት» አልሁሽ። ስለ ሕመሙ ብነግርሽ ስለ ገንዘቡ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነው። በመጨረሻ ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሙ እግሯን አይቶ «ቀድማችሁ ብታመጧት ኖሮ» አለና ዝም አለ። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ እኔ ግን በየሌሊቱ ስጨርሰው ኖሬአለሁ። እናትሽ በፍልሰታ ጾም፣ ነሐሴ 9 ቀን አረፈች።

ፓስፖርትሽ በአሠሪሽ እጅ ስለነበር ለቀብሯ መምጣት እንዳልቻልሽ አስታውሳለሁ። የአርባዋ ዕለት ደውለሽ «እናቴን ያስታመምሽልኝም የቀበርሽልኝም አንቺ ነሽ፤ ብድርሽን እግዚአብሔር ይክፈልሽ» አልሽኝ። ብትረግሚኝ ኖሮ እችለው ነበር። ምስጋናሽን ግን መሸከም አቃተኝ፤ ከዚያች ቀን በኋላ ድምፅሽን አልሰማሁም።

እኅቴ፣ ጥፋት የሠራ ሰው ሁሉ ጥፋቱን የሚረሳ ይመስለኝ ነበር፤ እንደዚያ አይደለም። የሱቁን መዝጊያ በከፈትሁ ቁጥር የምከፍተው በእናትሽ መድኃኒት ዋጋ እንደሆነ ይታወቀኛል። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤይሩት ወደብ ፈንድቶ ከተማይቱ በጭስ ተሸፍና በቴሌቪዥን ባየሁ ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ። በሕይወት መኖርሽን ከጎረቤቴ ልጅ እስክሰማ ድረስ አራት ቀን እህል አልቀመስሁም። ከሰማሁ በኋላ ግን «እሰይ» ብዬ መልሼ ተደበቅሁ። ከሠራሁት ሁሉ ይህ ይበልጥ ያሳፍረኛል፤ ልትሞቺ ትችዪ እንደነበር እያወቅሁ እንኳ አልደወልሁልሽምና።

ቤተ ክርስቲያን መሄዴን አልተውሁም፤ እንዲያውም አበዛሁት። በየወሩ በ16 ለነዳያን ዳቦ አድላለሁ፣ የጽዋ ማኅበር ተራዬን ከሌላው ሰው አስበልጬ እደግሳለሁ። በተአምረ ማርያም የሚነገርለት በላኤ ሰብእ 78 ነፍስ በልቶ ሳለ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውኃ መዳኑን ስሰማ «የእኔም ዳቦ አንድ ቀን ይመዝናል» እያልሁ እጽናና ነበር። ነገር ግን እርሱ ውኃውን ያጠጣው ፊቱ የቆመውን የተጠማ ሰው ነበር። እኔ ያስጠማኋት ቤይሩት ናት፤ ዳቦ የማድለው ግን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ነው። ምጽዋቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እኔ ግን ከአንቺ መሸሸጊያ አድርጌው ነበር።

በስቅለት ዕለትም እንዲሁ ነበርሁ። ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ውለን ወደ ማምሻው ካህናቱ ወይራ ይዘው ሲቆሙ፣ ምእመኑ እየቀረበ ጥፋቱን ይናገራል፤ ካህኑም በቅጠሉ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ የሚሰግደውን ቁጥር ይነግረዋል። እኔ በየዓመቱ ስቀርብ ጾም ገደፍሁ፣ ሰው አማሁ፣ ተቆጣሁ እላለሁ። እነዚያም ኃጢአቶች ናቸው፤ ሐሰት አልተናገርሁም። ትልቁን ግን በትንንሾቹ ከልዬ አልፋለሁ። የተሰጠኝን 40 ወይም 50 ስግደት ቆጥሬ ፈጽሜ ቤቴ ስገባ ነገሩ እዚያው እንደነበረ ይጠብቀኛል። ወደ ሥጋ ወደሙ ግን ደፍሬ አልቀረብሁም።

ባለፈው ዓመት፣ የእማማ ስምንተኛ ዓመት በዋለ ማግሥት፣ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉን ተናገርሁ። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ይህን ለማን ነገርሽ?» አሉኝ። «ለእግዚአብሔር በየቀኑ እነግረዋለሁ አባ» አልሁ፤ የዳዊትንም መዝሙር 50 ጠቀስሁላቸው፤ «አንተን ብቻ በደልሁ፥ በፊትህም ክፋትን አደረግሁ» ይላልና። እርሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ዳዊት ያን ሲጸልይ ሚስቱን የወሰደበትን ኦርዮን ገድሎት ነበር። ሄዶ ይቅር በለኝ የሚለው ኦርዮ አልነበረውም። የአንቺ እኅት ግን በሕይወት አለች።»

ያ ቃል ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። «አንተን ብቻ» የምትለውን ቃል ለስምንት ዓመት መጠለያዬ አድርጌአት ነበር፤ ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ እንድጨርስ፣ አንቺን እንዳላይ። ጌታ ግን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። ወንጌሉን ሲነበብ ስንት ጊዜ ሰምቼው ኖሮ ይሆን? እኔን እንደሚመለከት ግን አንድም ቀን ልብ አላልሁትም።

መጀመሪያ ገንዘቡን መልሼ የምገላገል መስሎኝ ነበር። አባ እንኳ ለዚህ አልተስማሙም፤ ይሁዳም እኮ መልሷል አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ማቴዎስን ምዕራፍ 27 ደግሜ አነበብሁት። እውነትም ይሁዳ ተጸጽቷል፤ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሎ በአፉ ተናዟል፤ 30ውንም ብር መልሷል። ጸጸትም፣ ኑዛዜም፣ ካሳም አለው። ያልሄደው አሳልፎ ወደ ሰጠው ወደ ጌታው ብቻ ነው። ኑዛዜውን ለካህናት አለቆች ተናገረ፣ ብሩን በቤተ መቅደስ ጣለ፣ ከዚያም ብቻውን ሆነ። ጴጥሮስ ያን ሌሊት ከእርሱ የተሻለ ነገር አልሠራም፤ ሦስት ጊዜ ካደ፣ እስከ መማልም ደረሰ። ነገር ግን ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፣ ከወንድሞቹም አልተለየም፣ ጌታ በባሕር ዳር በታየ ጊዜ ከታንኳው ዘሎ ወደ እርሱ ሄደ።

በዚያ ባሕር ዳር የፍም እሳት እንደነበረ ዮሐንስ ጽፏል። ጴጥሮስ በካደበት ግቢም የሚሞቀው የፍም እሳት ነበር። ጌታ በዚያው ሽታ አጠገብ አስቀምጦት፣ በካደው ቁጥር ልክ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀው፤ ጴጥሮስም በሦስተኛው አዘነ። እኔ ይቅርታ ማለት ነገሩን አለማንሣት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን፣ ጌታ ጴጥሮስን ያዳነው የቆሰለበት ቦታ ድረስ መልሶ በመውሰድ እንደሆነ አምናለሁ። እኔም የቆሰልሁበት ቦታ ያ በረንዳ፣ ያ ስልክ ነው፤ ስለዚህ ለአንቺ ዝርዝሩን ሳልደብቅ ጻፍሁልሽ።

ስለ ገንዘቡ እንዲህ አድርጌአለሁ። አንቺ ስትልኪ አንድ ዶላር በ22 ብር ግድም ይመነዘር ነበር፤ ዛሬ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። 45,000 ብር ቆጥሬ ብመልስልሽ ሁለተኛ እንደ ሰረቅሁሽ ይቆጠራል። ያ ገንዘብ ያን ጊዜ 2,000 ዶላር ያህል ነበርና፣ የዕቁቤ ዕጣ ወጥቶ፣ የአንገት ወርቄንም ሸጬበት 270,000 ብር ለብቻው አስቀምጫለሁ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል፤ እኔ ገና የመጀመሪያው እጥፍ ላይ ነኝ። በማን ስም ይግባ፣ ለማን ይሰጥ፣ ትእዛዙ የአንቺ ነው። ይህ የእናትሽ ዋጋ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዋጋ አላወጣሁላትም።

አንድ ነገር እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ። ይህን የምጽፍልሽ የእኔ ሸክም እንዲቀልልኝ ብዬ በአንቺ ላይ ልጥለው እንዳይሆን ብዙ ፈርቻለሁ። ስለ እናትሽ አሟሟት ሰላም ይዘሽ ኖረሽ ከነበረ፣ ይኸው ዛሬ ነጠቅሁሽ። ዝም ልበል ወይስ ልናገር እያልሁ ከመስከረም እስከ ጾሙ መጨረሻ ከአባ ጋር ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ የተናገርሁት፣ ምስጋናሽ በሐሰት የተወሰደ ስለሆነና እማማ ራሷ «እውነቱን ንገሪያት» ስላለችኝ ነው። የእርሷን ቃል ዘጠኝ ዓመት አዘግይቼ ማድረሴ ነው።

ይቅር በይኝ። ይህን ስልሽ ግን ስለ ክርስትናሽ ግዴታ አለብሽ ማለቴ አይደለም። «ክርስቲያን ይቅር ይላል» እያሉ የተበደለን ሰው የሚያጣድፉ ሽማግሌዎች አይቻለሁ፤ በዳዩን ከማሳረፍ በቀር ለተበዳዩ ምንም ሲያደርጉለት አላየሁም። ልትቆጪ፣ ልታለቅሺ፣ ዓመት ልትቆዪ፣ ፈጽሞ ላትመልሺልኝ ትችያለሽ። አባም «መንገዱ የአንቺ ነው፤ መልሱ የእርሷ ነው» ብለውኛል፤ ቀኖናዬን ከሰጡኝ በኋላ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉኝ፣ ደብዳቤው ከእጄ ከወጣ በኋላ እንድቆርብ፣ መልስሽን ግን እንደ መብቴ እንዳልጠብቅ አዝዘውኛል። ልባችን ቢፈርድብን እንኳ እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው የምትለውን የዮሐንስን ቃል ይዤ እቀርባለሁ። እንደ ዱሮው እንቅልፍ እንደሚወስደኝ አላውቅም፤ ከፊቱ መሸሽ ግን አቁሜአለሁ።

ደብዳቤውን የጎረቤቴ ልጅ ሐሙስ ወደዚያ ስትመለስ ይዛልሽ ትመጣለች። አዲሱን ስልኬንም ለእርሷ ሰጥቻታለሁ።

የቀረ አንድ ነገር አለ። እማማ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት፣ ለጥምቀት ትለብሰው የነበረውን አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላዋን አጥፋ «ልጄ ስትመጣ ስጪልኝ» ብላ በእጄ አስቀምጣው ነበር። እርሱንም እስከ ዛሬ አልነገርሁሽም። ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ በየዓመቱ አውጥቼ ጥላ ሥር አናፍሰዋለሁ፣ ብል አልነካውም። ላኪልኝ ካልሽ በማግሥቱ እልከዋለሁ። አንቺው መጥተሽ ውሰጂው ለማለት ገና አፍ የለኝም።

የበደለችሽ እኅትሽ