ጂንስን ጂንስ ያደረገው ልብስ ሰፊ ስሙ ይነሳ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የጂንስ ሱሪ ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠራው ነጋዴው ሌቪ ስትራውስ ነው። እኔ ጅማ፣ ሕርማታ መርካቶ በስፌት መኪና የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የሙያ አጋሬ የጃኮብ ዴቪስ ስም ተዘሎ ሲታለፍ ይከነክነኛል።

ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1831 ሪጋ ተወልዶ በወጣትነቱ አሜሪካ የገባ ልብስ ሰፊ ነበር። ብዙ ቦታ ሠርቶ በመጨረሻ ኔቫዳ ውስጥ ሬኖ በምትባል ከተማ ድንኳን፣ የጋሪ መሸፈኛና የፈረስ ልብስ እየሰፋ ኑሮውን መሠረተ። በ1870 መጨረሻ አንዲት ሴት መጣች። ባሏ እንጨት ቆራጭ ነው፣ ሱሪ አይበረክትለትም፤ ጠንካራ ስፋልኝ ብላ ሦስት ዶላሩን አስቀድማ ከፈለች። ዴቪስ ወፍራሙን ሸራ ሰፍቶ ሲጨርስ፣ የፈረስ ልብስ ማሰሪያ የሚያያይዝባቸው የመዳብ ሪቬቶች፣ ማለትም ጨርቅ ከጨርቅ የሚያጣብቁ ምስማር መሰል ትንንሽ ማያያዣዎች፣ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አንስቶ በኪሶቹ ጫፍ ጫፍ መታቸው።

የስፌት ሰው የዚህን ብልሃት ልክ ያውቀዋል። ሱሪ መጀመሪያ የሚሸነፈው እጅ በገባ፣ ወገብ በታጠፈ ቁጥር የሚወጠረው የኪስ ጫፍ ላይ ነው። የቡና ጆንያ የሚሸከሙ ልጆች ለጥገና የሚያመጡልን ሱሪ በአብዛኛው እዚያው የተተረተረ ነው። ክር ብንደራርብበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ክሩ ጨርቁን ይዞት ይቀደዳል። ሪቬቷ ግን ሁለቱን ጨርቅ ጨብጣ ጉተታውን ክሩ ብቻውን እንዳይሸከመው ታደርጋለች።

ወሬው ተዛመተና በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ 200 ያህል ሱሪ ሸጠ። ሌላ ሰፊ ሳይቀዳው ለማስመዝገብ 68 ዶላር አስፈለገው። ቀደም ሲል ካስመዘገባቸው ፈጠራዎች ያተረፈው ነገር ስላልነበር ሚስቱ ገንዘቡ እንዳይወጣ ተቃወመች። በ1872 ሸራውን ለሚገዛበት የሳን ፍራንሲስኮ ነጋዴ፣ ለስትራውስ፣ ጻፈለት፦ ወጪውን ቻል፣ መብቱን እንካፈል። እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1873 ቁጥር 139,121 የፈጠራ መብት ተሰጠ።

የእኔ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ስትራውስ ወረቀቱን ይዞ ሰፊውን አላሰናበተውም። ዴቪስ ቤተሰቡን ይዞ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ፤ የሱሪውን ምርትም በኃላፊነት መራ።

ጅማ የቡና ገንዘብ አላት። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። እጁ የተባ ሰፊም ሞልቷል። አጠገቤ የምትሠራ አንዲት እህት ለቡና ለቃሚዎች ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ሲሞላ ከታች ተፈቶ የሚራገፍ ከረጢት አውጥታ ነበር። ለቃሚዎቹ ወደዱት። ወዲያው ገንዘብ ያለው ሰው በብዛት አሰፍቶ ከእሷ ባነሰ ዋጋ ሸጠው፤ እሷ ወደ ዩኒፎርም ስፌቷ ተመለሰች። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አገራችን ስለ ፈጠራ፣ ስለ አነስተኛ ፈጠራና ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987ን ካወጣች ቆይታለች። አነስተኛ ፈጠራ ያስመዘገበ ሰው ለአምስት ዓመት፣ ሲያሳድስ ለሌላ አምስት ዓመት ይጠበቅለታል። አዋጁን የሚያስረዳን ሰው ግን ወደ ስፌት ቤቶቻችን ሲመጣ አላየሁም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ባለሙያ ልኮ በረንዳችን ድረስ ያስረዳን፤ ማመልከቻ እንዴት እንደሚሞላ፣ ስንት እንደሚከፈል በአማርኛም በኦሮምኛም ይንገረን። የጅማ ባለሀብቶችና በፓርኩ ልብስ የሚያመርቱም አዲስ ነገር ያወጣ ሰፊ ሲያገኙ የማስመዝገቢያውን ወጪ ሸፍነው በስምምነት ድርሻ ይስጡት፤ ሥራውንም ራሱ ይምራው። ጋዜጣችሁም ስለ አዋጁ አንድ ገጽ ቢያትምልን ቆርጠን ግድግዳችን ላይ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ልብስ ሰፊ
ሕርማታ መርካቶ፣ ጅማ